ሲኞራን የማላመድ ጣጣ

ሰውን ብቻውን መተው የሚባለውን ጥበብ እኛ ሰፈር ያስተማረ የለም። ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም፤ አራስ ብቻዋን አትተኛም፤ ከአገር ቤት የመጣ እንግዳማ ለብቻው ክፍል ተሰጥቶት ተኛ ከተባለ ባለቤቱ መታማቱ አይቀርም። የታመመ ሰው ካለ አልጋው ዙሪያ ተሰብስበን ስለ ሌላ በሽተኛ፣ ከተቻለም በዚያው በሽታ ስለሞተ በሽተኛ፣ እያወራን እናመሻለን። ሰውየው ደክሞት ዓይኑን ጨፈን ሲያደርግ ደግሞ «ተኛህ እንዴ?» ብለን ቀስቅሰን እንጠይቀዋለን። ይህን ሁሉ የምናደርገው ከፍቅር ነው። ፍቅራችን ትንሽ ድምፁ ይበዛል እንጂ ሐሰት የለበትም።

እናንተም ብትሆኑ ከዚህ ነፃ ነን አትበሉኝ። ጎረቤታችሁ «ዛሬ ትንሽ አረፍ ልበል» ብሎ በሩን ቢዘጋ፣ ምን ሆኖ ይሆን ብላችሁ በሩን የምታንኳኩት እናንተው ናችሁ። የሰው ልጅ ይህን ለምዶታል። ሲወለድ ጀምሮ በዘመድ ተከቦ ስለሚያድግ ጫጫታው ራሱ እንደ እሹሩሩ ያስተኛዋል። ነገሩ ለድመት ሲሆን ምን እንደሚመስል ግን ያየሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

የኛ መንደር ከፒያሳ ዝቅ ብላ፣ ውቤ በረሃን ተጠግታ የምትገኝ ናት። መንገዷ ከመጥበቧ የተነሳ ከፊት ለፊት ያለው ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ ቤት «ይማርህ» እንላለን። ፊት ለፊታችን የነበሩት እትዬ አሰለፈች ናቸው። እኔን ከእናቴ እኩል የገረፉኝ፣ ሠርጌ ላይ ከእናቴ በላይ ያለቀሱ ሴት ናቸው። ዘንድሮ የሳቸው ረድፍ ለልማት ይነሳል ተባለና ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው። አራተኛ ፎቅ። የኛ ረድፍ ተራው ገና ስለሆነ እኛ ቀረን። ልጆቻችን አግብተው ከወጡ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ባለቤቴ ሮማን ብቻ ነን። እኔ በበኩሌ ሰፈር ተነሳ ብዬ የምተክዝ ሰው አይደለሁም፤ ከተማ ነው፣ ይፈርሳል፣ ይሠራል።

እትዬ አሰለፈች ድመት አለቻቸው። ሲኞራ ትባላለች። ስሟን ያወጡላት ሟቹ ባለቤታቸው ነበሩ፤ አረማመዷን አይተው። አመድማ ሆና ደረቷ ነጭ ነው፤ ስትራመድ ሆቴል ያላት ነው የምትመስለው። ዕቃቸው አይሱዙው ላይ ተጭኖ ካለቀ በኋላ እትዬ ሲኞራን አቅፈው ወደ እኛ በር መጡ።

«ታዴ» አሉኝ፤ «እኔስ ሰው ነኝ፣ እለምዳለሁ። እሷ ግን ድመት ናት። ድመት ቤት እንጂ ሰው አትከተልም። ደግሞስ ወፍ አየሁ ብላ ከአራተኛ ፎቅ ብትዘልብኝስ? አንተ ጋ ትሁን። ብቻ ሌሊት ሌሊት እንዳትወጣ። ወጥታ እዚያ ፍርስራሽ ውስጥ ከተወሸቀች ማሽኑ ድመት ነው ድንጋይ ነው ብሎ አይጠይቅም። አደራ!»

አደራ የምትለዋን ቃል ታውቋታላችሁ። ከዚያች ቃል በኋላ የሰው እንቅልፍ የራሱ አይደለም። አደራ በላ ተብሎ ከመኖር ጦም ማደር ይሻላል ብዬ ያደግኩ ሰው ነኝና እሺ አልኩ። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው የመጣው።

«ድመት አዲስ ቤት ስትገባ መንገዱን ማየት የለባትም» ይላል የሰፈራችን ሕግ። በማዳበሪያ ሆና፣ በዞረ መንገድ መምጣት አለባት፤ ያለዚያ ውላ ሳታድር ወደ ድሮ ቤቷ ትመለሳለች። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን የሲኞራ የድሮ ቤትና አዲሱ ቤቷ ጨው ሲያልቅ በመስኮት የሚቀባበሉ ቤቶች ናቸው። ይህንኑ ለማስረዳት ሞከርኩ። «እትዬ፣ በመስኮት ስታይ'ኮ ቤቷ ፊቷ ነው ያለው» አልኩ።

«ሕግ ሕግ ነው። ዞረህ አምጣት» አሉ። ዞር ስል ሮማን ማዳበሪያውን አፉን ከፍታ ይዛ ትጠብቀኛለች።

እንግዲህ አስቡት። ሃምሳን የተሻገረ፣ ኮት የለበሰ፣ ዕድር ላይ ሲናገር የሚደመጥ ሰው፣ የሚጮህ ማዳበሪያ ተሸክሞ ውቤ በረሃን ሲያቋርጥ። ታክሲ እንዳልይዝ ሲኞራ ታዋርደኛለች፤ በእግሬ እንዳልሄድ የሚያውቀኝ ሰው ብዙ ነው። አንድ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ጎረምሶች «ፋዘር፣ እራትዎ ገና በሕይወት አለ እንዴ?» አሉኝ። አራዳ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ነገር መልስ መስጠት ሁለተኛውን ለከፋ መጋበዝ ነው፤ ማዳበሪያውን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዙሬ አለፍኩ። ጊዮርጊስ ደጃፍ ስደርስ እንደ ልማዴ ልሳለም ጎንበስ አልኩ፤ ሲኞራም ጎንበስ ማለቴ አልተመቻትም መሰለኝ ያላትን ድምፅ በሙሉ አወጣች። አጠገቤ ቆመው ይጸልዩ የነበሩ አንዲት እናት ማዳበሪያውን አዩ፣ እኔን አዩና በርኅራኄ «ስለት ነው የኔ ልጅ? ግልገል ከሆነ በዚያኛው በር ነው የሚያስገቡት» አሉኝ። አመሰገንኳቸው። በአፍንጮ በር በኩል ዞሬ፣ ትከሻዬ ተቆርጦ፣ ከወጣሁበት በር ተመልሼ ደረስኩ።

ሳሎን ገብቼ ማዳበሪያውን ፈታሁት። ሲኞራ ወጣች። ራሷን አራገፈች። ከዚያም ቀጥ ብላ መስኮቱ ላይ ዘለለችና ማዶ ያለውን ቤቷን አየች፤ ዞር ብላ ደግሞ እኔን አየች። ሰው ብዙ ጊዜ ንቆኝ ያውቃል፤ እንደዚያን ቀን ግን ማንም በልክ ንቆኝ አያውቅም። ይህን ከጨረሰች በኋላ ብፌው ሥር ገባች።

ማታ ሮማን መስተንግዶዋን ጀመረች። ሮማን እንግዳ ካልጠገበ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ወተት አለ፤ ጉበት በደቃቁ ተከትፎ አለ፤ የኔ ጋቢ፣ እኔ ሳልጠየቅ፣ ታጥፎ ተነጥፏል። ብፌው ሥር የምታበራው የሲኞራ ዓይን ብቻ ናት። ሮማን ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ ጉበቱን በጣቷ ይዛ «በሞቴ! እስቲ አንዴ ብቻ! እኔ ልሙት!» ትላለች። ድመት «እኔ ልሙት» ሲባል ምን እንደሚመስላት አላውቅም፤ ብቻ ይበልጥ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

ወሬው ደግሞ ወጣ። የቀሩት ጎረቤቶች በሙሉ ሲኞራን ሊጠይቁ መጡ። ከቤቷ ተፈናቅላ የገባች ናትና ወጉ ነው። ባዶ እጁን የመጣ የለም። የጥጋችን ባለሱቅ ጋሽ ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ የሰርዲን ጣሳ ይዞ መጣ። የስልጤ ሰው ነው፤ እዚህ ሰፈር ሱቅ ከከፈተ እኔና እሱ አብረን ሸብተናል። ደንበኛው ሁሉ ተነስቶ ስለሄደበት አሁን ድመት ለመጠየቅ የሚሆን ጊዜ አለው። «ወላሂ፣ ይቺን እምቢ ካለች እኔ ሱቄን እዘጋለሁ» አለ። ሱቁ አስቀድሞ የተዘጋ መሆኑን ማንም አላነሳበትም። ከዚያ ሁላችንም በየተራ እየተንበረከክን በስልካችን መብራት ብፌው ሥር አየናት። ቴሌቪዥኑ፣ እንዳይጨንቃት ተብሎ፣ ድምፁ ከፍ ተደረገላት። መብራቱ፣ ጨለማ እንዳትፈራ ተብሎ፣ ሳይጠፋ አደረ። እሷም ሌሊቱን በሙሉ ስታለቅስ አደረች።

«ብቸኝነት ነው» አለች ሮማን። በማግስቱ ማታ ብዙ ሰው ጠራች።

እትዬ አሰለፈች በየማታው ይደውላሉ። ጥያቄያቸው ሁለት ነው፤ በላች? ተኛች? አልበላችም፣ አልተኛችም ስንላቸው «እስቲ ድምፄን አሰሟት» አሉ። ሐሳቡ ለሁላችንም ብልህነት መሰለን። ስልኩን ድምፁን ከፍተን ብፌው ሥር አስገባነው። «ሲኞራዬ! የኔ እመቤት! እኔ ነኝ'ኮ!» የሚለው ድምፅ ሲወጣ ድመቲቱ እንደ ተኩስ ወጣች። ስልኩን ከፊት አየችው፣ ዞራ ከኋላ አየችው፣ አሸተተችው፤ ከዚያ እየሮጠች ሄዳ በሩን ትቧጥር ጀመር። እዚያ ማዶ እትዬ ስልኩ ላይ ያለቅሳሉ፤ እዚህ ሲኞራ በሩ ላይ ታለቅሳለች፤ ሮማንም ለማንኛቸው እንደሆነ ሳይለይ ታለቅሳለች። ጋሽ ሸምሱ «ወላሂ ቴሌ ይህን አላሰበበትም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እንዲህ ስንል ማዶ ያለው ረድፍ በሰማያዊ ቆርቆሮ ታጠረ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከቆርቆሮው በላይ ይታይ የነበረው የእትዬ ጣሪያ የለም። በቦታው ሰማይ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ሰማይ አይቼ ስለማላውቅ ትንሽ ቆሜ አየሁትና ገባሁ።

የዚያን ዕለት ምሽት ነው ጉዱ የመጣው። ጠያቂዎቻችን ሲበቃቸው ተነሱ። የኛ ሰው ተነሳ ማለት ሄደ ማለት እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ «እንግዲህ» ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ «በሉ እንግዲህ» ብሎ ይቆማል። በሩ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ አንድ እግሩን ውጭ አንድ እግሩን ውስጥ አድርጎ ምሽቱን በሙሉ ያቆየውን ዋናውን ወሬ ይጀምራል። ጋሽ ሸምሱ በሩ ላይ እንዲህ ተከፍሎ ቆሞ ሳለ አመድማ ነገር በእግሮቹ መካከል ሾልኮ ወጣ።

ሮማን ጮኸች። እኔ በነጠላ ጫማ ወጣሁ። አደራ የሚባለው ቃል ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ይሰማኛል፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልጄ የጠፋ ያህል ነው የሮጥኩት። ጋሽ ሸምሱ በስልኩ እያበራ፣ እኔ ስሟን እየጠራሁ፣ ቆርቆሮው ሥር ባለች ቀዳዳ ሾልከን ገባን። እዚያ ግቢ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ መሄድ የምችል ይመስለኝ ነበር። የማውቀው ነገር አንድም አልቀረም። ድንጋይና የተሰበረ ጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው።

አገኘናት። ከቤቱ የተረፈው የደጃፉ ድንጋይ ብቻ ነበር፤ እሱ ላይ ጅራቷን እግሯ ላይ ጠቅልላ ተቀምጣለች። ፊቷን ያዞረችው በሩ ወደነበረበት ነው። ከፍተው እንዲያስገቧት ነበር የምትጠብቀው። አንጀቴን በላችው። «ሲኞራ፣ ነይ» ልል ነበር። ወዴት ነይ ይባላል? ጉበት አልያዝኩም፤ ወተት አልያዝኩም፤ ጋሽ ሸምሱም መብራቱን አጥፍቶ ወደ ቀዳዳዋ ተመልሷል። እኔም ከሷ ፈንጠር ብሎ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እሷ ወደምታይበት አየሁ።

ምን ያህል እንደተቀመጥን አላውቅም። ብቻ ከብዙ ቆይታ በኋላ ተነሳች፤ ተንጠራራች፤ አንዴ የደጃፉን ድንጋይ አሸተተችና በአጠገቤ አልፋ ሄደች። ጅራቷን አቁማ እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ በቀዳዳዋ ወጣን፣ መንገዱን ተሻገርን፣ ቤት ገባን። ሮማን ልትናገር ስትል ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ አስቆምኳት። ቴሌቪዥኑን አጠፋሁ። መብራቱንም አጠፋሁ። ደክሞኝ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። ትንሽ ቆይቶ እግሬ ላይ ክብደት ተሰማኝ፤ ሆዴ ላይ ወጣ፤ ደረቴ ላይ ተኛ። ሆዷ ውስጥ ያለችው ትንሽዬ ሞተርም ተነሳች። ያን ሁሉ ቀን የለመነችን ነገር ለካ ይኸው ብቻ ኖሯል፤ እባካችሁ ተዉኝ።

ልክ ያኔ ስልኩ ጮኸ። «ተኛች?» አሉ እትዬ።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? እውነቱን ልናገር? «አዎ፣ ደረቴ ላይ ተኝታለች፤ ረስታዎታለች» ልበል? የሰው አንጀት እኮ ነው። ድመቴ እንኳ ትታኝ ለመደች ብሎ የሚያድር ሰው እንዴት ያድራል?

«አልተኛችም እትዬ» አልኩ። ሲኞራ አንድ ዓይኗን ከፈተችና መልሳ ጨፈነችው።

«በላች?»

«አልቀመሰችም።» በስልኩ ብርሃን ሳይ የሰርዲኑ ጣሳ መስታወት እስኪመስል ተልሶ ወለሉ ላይ ተቀምጧል።

 ሰፈሩን ከለቀቁ ጀምሮ ያልሰማሁት ድምፅ መጣ፤ ያ ድሮ እኔን ለመግረፍ ሲነሱ የነበራቸው ጉልበት ያለው ድምፅ። «በል ነገ እመጣለሁ። ያለ እኔ አይሆንም ማለት ነው።»

መጡ። ሁለት ታክሲና አንድ አውቶብስ ይዘው፣ ድመት ሊጠይቁ፣ የራሳቸውን ትራስ በፌስታል አድርገው። ሲኞራ መጥታ እግራቸውን አሸተተች፣ አንዴ ተሻሸቻቸውና ወደ ፀሐይዋ ተመለሰች። «አየህ፣ ተቀይማኛለች» አሉ በኩራት። ማታ «እኔ ላስተኛት» ብለው ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። ድመቷ ቦታዋን ሳታመቻች እሳቸው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ኋላ ላይ ለሮማን እንደነገሯት እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም ኖሯል። በር የሚያንኳኳ የለም፤ የሚያስነጥስ ሰው አይሰማም፤ ኮሽታ የለም።

ያን ማታ ጋሽ ሸምሱ እንደ ልማዱ ሲመጣ በሩ ላይ ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ ጠበቅኩት። አንገቱን አስግጎ ሶፋውን አየና ጫማውን በእጁ ይዞ ተመለሰ። ሮማን እትዬን ጋቢውን አለበሰቻቸው። እኔና እሷ በራሳችን ቤት በእግር ጣታችን እየሄድን፣ በራሳችን ብልህነት እየተደሰትን ተኛን።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን አቋም የታወቀ ነው፤ ሲኞራ አልለመደችም። በየሳምንቱ ይደወላል፤ በየሳምንቱ አልበላችም ይባላል፤ እትዬም ትራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጋሽ ሸምሱ ሳይቀር ሱቁ ጋ ሲያገኛቸው «ትናንት ስታለቅስ ነው ያደረችው» ይላቸዋል። በሐሰት ወላሂ ማለት ስለማይወድ ያለ ወላሂ ነው የሚዋሸው። ድመቷ በበኩሏ ከመወፈሯ የተነሳ ብፌው ሥር አትገባም። እኔም አንዲት አሮጊት እንዲህ በዘዴ ማላመዴን እያሰብኩ ለራሴ ያለኝ ግምት ከፍ ብሎ ሰነበተ።

ባለፈው ቅዳሜ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። እትዬ ውስጥ ሆነው በስልክ ያወራሉ፤ ከአነጋገራቸው እንደገባኝ ከኮንዶሚኒየሙ አዲስ ጎረቤታቸው ጋር ነው።

«ዛሬም እዚሁ ነው የማድረው» ይላሉ። «ኧረ ድመቷማ ድሮ ለምዳለች! ገና የመጣሁ ዕለት ነው ያወቅኩት፤ አፏ ሰርዲን ሰርዲን እየሸተተ። ልጁ ነው ያልለመደው። ሰፈሩ ጭር ብሎበት ሌሊት ሌሊት እየተነሳ በመስኮት ያያል አለችኝ ሚስቱ። ለሷም አይነግራት፣ ለማንም አይነግር። እኔ ስመጣ ግን ተኝቶ ያድራል። ምን ላድርግ ብለሽ ነው? እናቱ ስትሞት እጄን ይዛ አደራ ያለችኝ እሱን ነው።»

ዳቦውን እንዳቀፍኩ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ልጁ እኔ ነኝ። ለካ ሚስቴም በሁለቱም ወገን ስትሠራ ኖራለች። ልቆጣ አሰብኩ፤ ግን ቁጣው አልመጣ አለኝ። ጎላ አድርጌ ሳል ሳል አልኩና ገባሁ። እትዬ ስልኩን ነጠላቸው ሥር ከተቱት። ሲኞራ ጭናቸው ላይ በጀርባዋ ተዘርግታ አራት እግሯን ሰቅላ ተኝታለች።

«እንዴት ዋለችልዎ?» አልኳቸው።

እትዬ ድመቷን አዩ፤ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ምኑን ዋለችው» አሉ። «ገና ናት ልጄ። ገና ብዙ ይቀራታል።»

«እኔም እንደሱ ነው ያየሁት» አልኩና ዳቦውን ለሮማን ሰጠኋት።